ከቢዮ አዋሌ የተደወለ ስልክ

ታህሚና ቤታችን የመጣች ቀን እናቴ በር ላይ ቆማ ሦስት ነገር አስታወቀቻት።

"ወንድ እንግዳ አይገባም። የማታው ኢሻ ሶላት ሳይሰገድ ቤት ትገቢያለሽ። መንገድ ላይ ፀጉርሽን ትሸፍኛለሽ።"

ወደ እንግሊዝኛ ልተረጉምላት አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ። አዲስ አበባ አንድ ዓመት ስለኖረች አማርኛ ጀማምራ ነበር።

"ሦስቱንም እሺ፣ እርስዎ" አለች። "ግን ዝናብ ሲመጣ እወጣለሁ። በማንኛውም ሰዓት።"

እናቴ መጀመሪያ "እርስዎ" በመባሏ ሳቀች። ድሬዳዋ ላይ ሼኩም ሽማግሌውም "አንተ" ነው፤ ሰው "እርስዎ" ከተባለ ወይ ተቀይመውታል ወይ ሊከሱት ነው። ከዚያ ሳቋን አቁማ ወደ እኔ ዞረችና በሶማሊኛ፣ "ሰው ከዝናብ ይሸሻል፤ ይቺ ወደ ዝናብ የምትወጣው ምን ፍለጋ ነው?" አለችኝ።

መልሱን አውቀው ነበር፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝና። ስሜ ሉብና ይባላል። ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ተምሬ ከጨረስኩ በኋላ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ቤት ተቀምጬ ነበር። አንድ የውጭ ድርጅት ደቻቱ ላይ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሊሠራ መሐንዲስ ስለሚልክ ሶማሊኛና ኦሮምኛ የሚችል አስተርጓሚ ይፈልጋል ሲባል ተመዘገብኩ፤ ተቀጠርኩ። መሐንዲሷ ማረፊያ ስትፈልግ ደግሞ የእኛ የጓሮ ክፍል ባዶ ነበር። አያቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ከዚራ ሰፈር የቀረልን ቤት ሰፊ ነው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ሃሊሞ ክፍሏን ለመምህራን ታከራያት ነበር። ለውጭ አገር ሰው ግን አከራይታ አታውቅም።

ታህሚና የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ ቀጭን፣ ጠይም፣ ስትናገር ዓይን ዓይን የምታይ። አገሯ ባንግላዴሽ ነው። የሰፈሩ ሰው "ህንዷ" ይላታል። "ህንድ አይደለሁም፣ ባንግላዴሽ ነኝ" ስትል፣ ባለሱቁ ዒብራሂም "አቦ ያው ነው፣ ጎረቤት አይደላችሁ?" ይላታል። እሷም "እናንተና ጅቡቲስ ያው ናችሁ?" ብላ ትመልስለታለች።

ደቻቱን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ ግን በዓመቱ አብዛኛው ቀን ውሃ የለውም። ሰፊ አሸዋ ነው። በአሸዋው ላይ ሴቶች የግመል ወተት፣ እንጨት፣ ልባሽ ጨርቅ፣ ቲማቲም ይሸጣሉ። የጭነት መኪና ገብቶ አሸዋ ይጭናል። ከመጋላ ወደ ከዚራ የሚሻገር ሰው በመሃሉ ያቋርጣል። ዝናቡ የሚዘንበው እላይ ተራራው ላይ ነው፤ እኛ ጋ ፀሐይ እያለ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ፣ ውሃው ሳይታሰብ ይደርሳል። የዘጠና ስምንቱን ጎርፍ ያየ ሰው ዛሬም ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ለታህሚና ከባድ ነበሩ። አዲስ አበባ እያለች አርብ አርብ ከሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ጋር እራት ትበላ ነበር፣ ሲኒማ ትገባ ነበር፤ ማን እንደሆነች የሚጠይቃት አልነበረም። እዚህ ግን የማይጠይቃት የለም። ባልሽ የት ነው? ልጅ አለሽ? ለምን ብቻሽን መጣሽ? "ባሌን ፈትቻለሁ" ብላ እውነቱን ስትናገር ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ባሎቻቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያይዋት ሰላም አይሏትም። እናቴ፣ "አገር ቤት ነው በይ፤ ማን ሄዶ ያየዋል?" ብላ መከረቻት። ታህሚና ግን "ሶላት የምሰግድበት አፌ ነው፣ አልዋሽበትም" አለች። እናቴ ይሄን ወደደችላት፤ ሆኖም ምክሯን አልተወችም።

ከሰዓት በኋላም ሌላ ችግር ነበር። ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ከተማው ይተኛል፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ወንዱ ጫት ይዞ በርጫው ላይ ይቀመጣል፣ ቢሮ ቢሄዱ ዘበኛው ብቻ ነው። እሷ ይሄን ሳታውቅ ቀጠሮ ትይዝና በዚያ ሙቀት በተዘጋ በር ፊት ቆማ ትጠብቃለች። በየሁለት ሳምንቱ ባቡር ይዛ አዲስ አበባ ትሄድ ነበር። አንድ እሁድ ስትመለስ ጣቢያ ልቀበላት ሄጄ በታክሲ ውስጥ፣ "እዚያ ማንም አያየኝም ነበር። እዚህ ሁሉም ያየኛል፣ ግን ማንም አያውቀኝም። የትኛው እንደሚሻል ገና አልወሰንኩም" አለችኝ።

ቤት ውስጥ ግን ቶሎ ተላመድን። ሩዝ በእጇ ጠቅልላ ስትበላ እናቴ አይታ፣ "አልሀምዱሊላህ፣ እንደ ሰው ነው የምትበላው" አለች። የእናቴን ሳምቡሳ ቀምሳ ቃሪያ ያንሰዋል ብላ ጨመረችበት፤ እናቴ ተቆጣች፣ ቀመሰች፣ ከዚያ በኋላ ቃሪያውን ራሷ ትጨምር ጀመር።

መጋቢት ላይ አንድ ምሽት፣ መግሪብ እንደተሰገደ፣ ተራራው በኩል መብረቅ ታየ። ታህሚና የዝናብ ልብሷን ለብሳ፣ ባትሪና ረጅም እንጨት ይዛ ብቻዋን ወደ ወንዙ ሄደች። በር ላይ የተቀመጡ ወንዶች አይተዋታል። ጠዋት ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሱቅ ደርሶ ነበር፤ "የሃሊሞ ተከራይ ወንዙ ዳር ወንድ ታገኛለች" እየተባለ። እናቴ ሰምታ ሌላ ቤት ትፈልግ አለች። ለመንኳት። "አንድ ጊዜ ተከትለሽ እይ፣ ከዚያ ፍረጂ" አልኳት። ሁለተኛው ዝናብ ሲመጣ እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላዋ ሄደች። ያየችው ነገር፣ ታህሚና እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ በእንጨቱ ጥልቀት እየለካች በየአምስት ደቂቃው ወረቀት ላይ ስትጽፍ ነው። እናቴ ስትመለስ እንደ ራሰች ሱቅ ገባችና እዚያ ለነበረው ሰው ሁሉ፣ "ወንድ የተባለው እንጨት ነው፤ ወላሂ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ቤቴ ሰው የሚያወራ ከእኔ ጋር ነው የሚያወራው" አለች። ወሬው በዚያው አበቃ።

የከፋው ነገር የመጣው ከሥራው ነው። ድርጅቱ ድልድዩ አጠገብ በትልቅ ብረት ላይ ሳይረን ተከለ። ላይኛው ወንዝ ላይ ውሃ የሚለካ መሣሪያ ተቀመጠ፤ ውሃው ከተወሰነ ከፍታ ካለፈ መሣሪያው መልእክት ይልካል፣ ሳይረኑ ይጮኻል። በሙከራው ቀን ሲጮኽ ሰዉ ቀና ብሎ አየና ወደ ሥራው ተመለሰ። ልጆች ለሳምንት ድምፁን እያስመሰሉ በየመንገዱ ሮጡ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን አካባቢ ግን ከልቡ ጮኸ። ታህሚናና እኔ ወደ አሸዋው ሮጠን "ውጡ፣ ውጡ" አልን። አንዳንዶቹ ደነገጡና ሮጡ፤ ሲሮጡ ወተት ተደፋ፣ ቲማቲም ተረገጠ፣ አንዲት አሮጊት ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ቆመን ጠበቅን። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። የመጣው ውሃ የሰው ቁርጭምጭሚት እንኳ አልሸፈነም። መሣሪያው ላይ ጎርፍ ያመጣው ግንድ ተጋድሞበት ኖሮ ውሃውን ከፍ አድርጎ ነው የነገረን።

በማግስቱ ናስቲሆ ቤታችን መጣች። ናስቲሆ አሸዋው ላይ የሚሸጡት ሴቶች መሪ ናት፤ ስልሳ ሦስቱንም በስም፣ በልጅ፣ በበሽታቸው ታውቃቸዋለች። ትልቅ ሴት ናት፤ ስትመታበት አይቼ የማላውቀው፣ ግን ሁልጊዜ የምትይዘው በትር አላት። አልቀመጥም አለች።

"ሃሊሞ፣ አንቺን አከብራለሁ" አለች እናቴን። "ይቺን ሴት ግን ንገሪልኝ። እኛን ለማስሮጥ ከሆነ ከሩቅ አገር የመጣችው፣ ፖሊስም ያስሮጠናል።"

ታህሚና ሳልተረጉምላት ገባት። ቆማ አንገቷን ደፍታ፣ "ይቅርታ" ብቻ አለች።

በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባው ቢሮ ደብዳቤ መጣ። የክረምቱ ወራት ሲያበቃ ሥራው ይዘጋል፣ እሷም ትመለሳለች ይላል። ደብዳቤውን አንብባ አጥፋ ኪሷ ከተተች። "አምስት ወር አለኝ" አለች። "ከየት እንደምጀምር አላውቅም።"

እናቴ ናት የነገረቻት። "አጥፍተሽ ከሆነ ካጠፋሽበት ቦታ ጀምሪ። ሂጂና አሸዋው ላይ ተቀመጪ።"

ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታህሚና በየጠዋቱ ከናስቲሆ አጠገብ ጀሪካን ገልብጣ ትቀመጥ ነበር። መጀመሪያ ሳምንት ናስቲሆ ጀርባዋን ሰጠቻት። ሁለተኛው ሳምንት ዕቃ አስያዘቻት። ሦስተኛው ላይ ወተት ስታስቀዳት አየሁ። ክንዷ የተሰበረባትን አሮጊት በየሁለት ቀኑ ሐኪም ቤት የምታመላልሳት ታህሚና ነበረች፤ ማንም አላዘዛትም። ባቡሩንም ተወችው። ከሴቶቹ ጋር ምሳ እየበላች፣ ጎርፍ በሶማሊኛ "ዳድ"፣ በኦሮምኛ "ሎላ" መባሉን ተማረች፤ እነሱም በቤንጋሊ ምን እንደሚባል አስነግረዋት ድምፁን ሰምተው ሳቁ።

አንድ ቀን ናስቲሆ ስለ እህቷ ነገረቻት። በዘጠና ስምንቱ ጎርፍ የተወሰደች ታናሽ እህት ናት። ታህሚናም የራሷን ነገረቻት። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች መንደራቸውን ባሕር እንደመታው፣ አያቷን እንደወሰደ፤ ማዕበሉ እንደሚመጣ በሬዲዮ ተነግሮ ነበር፣ መንደሩ ውስጥ ግን ያመነው አልነበረም። ከዚያ በኋላ አባቷ ድምፅ ማጉያ ይዞ እየዞረ የሚያስጠነቅቅ በጎ ፈቃደኛ ሆነ። "እኛ አገር አሁን ሰው ይወጣል" አለች። "የሚወጣው ሬዲዮውን ሰምቶ አይደለም። አባቴን ስለሚያውቁት ነው።"

ናስቲሆ ስተረጉምላት አዳመጠችና በትሯን አሸዋው ላይ ሰካች።

"ታዲያ እዚህ ብረት የሚጮኸው ለምንድነው? ብረቱን ማን ያውቀዋል? እኛ ማን እንደጠራን ካላወቅን አንነሳም።"

ታህሚና ጀሪካኗን ወደ ናስቲሆ አስጠጋች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አምስት ዓመት የተማርኩትን በአንድ ደቂቃ ነገረችኝ" አለች።

ለናስቲሆ ወተቱን የምትልክላት ካልቱን የምትባል የቢዮ አዋሌ ሴት ናት። ባሏ የሞተባት፣ ወንዙ ዳር ሻይ የምትሸጥ፣ ከተወለደች ከዚያ ውሃ ርቃ የማታውቅ። ወደ ከተማችን ከሚወርዱት ውሃዎች አንዱ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። ሐሳባችን እንዲህ ሆነ፤ ካልቱን ውሃውን ካየች ለናስቲሆ ትደውላለች፤ ናስቲሆ ሴቶቿን ታስነሳለች። ግን አሸዋ የሚጭኑትስ? የሚሻገረውስ? ለዚያ ወንዙ ዳር ያለው መስጊድ ድምፅ ማጉያ አስፈለገ። ለዚያ ደግሞ የመስጊዱ ኢማም ሼኽ ዐብዲቃድር።

አራት ሆነን ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳለቀ ሄድን፤ እናቴ፣ ናስቲሆ፣ ታህሚናና እኔ። ሼኽ ዐብዲቃድር ጥቂት የሚናገር፣ ብዙ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ሰምቶ ሲጨርስ፣ "ይሄ ማይክ ለአዛን ነው፣ ለዓርብ ኹጥባ ነው፣ ሰው ሲሞት ለማሳወቅ ነው" አለ። "እንደ ሳይረኑ ቅዳሜ ባዶ ሆኖ ቢገኝ ነገ አዛኔንስ ማን ያምነኛል?"

እናቴ አላስጨረሰችውም። "ሼኽ፣ ሰው ሲሞት ትናገራለህ። ሳይሞት ብትናገር ምን ይጎድልብሃል?"

ሼኹ ጢሙን ያዘ። ከዚያ ታህሚናን አያት። "ውሃው ካልመጣስ?"

"ካልመጣ አልሀምዱሊላህ እንላለን" አለች። "ከመጣና አሸዋው ላይ ሰው ከሌለም አልሀምዱሊላህ እንላለን።"

"ላስብበት" አለን። በሦስተኛው ቀን መልእክት ላከ፤ የምትደውለውን ሴት በዓይኔ ካላየሁ አልናገርም የሚል። መኪና ተከራይተን ቢዮ አዋሌ ወሰድነው። ካልቱን ሻይ ቀዳችለት። ታህሚና ቋጥኙ ላይ ነጭ፣ ቢጫና ቀይ መስመር ቀብታ ነበርና፣ ውሃው ቀዩ ላይ ሲደርስ እንደሚደወል አስረዳችው። ካልቱን ሰምታ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

"ቀዩን አልጠብቅም" አለች። "ትልቅ ውሃ ሲመጣ ከውሃው ሥር ያሉት ድንጋዮች ይንከባለላሉ። መኪና የሚመጣ ይመስላል። ያን ከሰማሁ መስመሩን አላይም።"

ታህሚና ደብተሯን አወጣች። "ከድምፁ እስከ ቀዩ መስመር ስንት ደቂቃ አለ?"

"አንድ ሻይ አፍልቼ እቀዳለሁ።"

ታህሚና "አሥር ደቂቃ" ብላ ጻፈች፤ ከላይ የጻፈችውን የቀይ መስመር ደንብ ሰረዘችው። ሼኽ ዐብዲቃድር ሁለቱን ሴቶች አየና የራሱን ስልክ ቁጥር ለካልቱን ሰጣት። "ለናስቲሆ ደውለሽ ስትጨርሺ ለእኔ" አላት።

ሳይረኑን አስዘጋንና ሐምሌ ላይ ሁለት ጊዜ ተለማመድን። መጀመሪያ ቀን ሴቶቹ እየሳቁ ወጡ። ሁለተኛው ቀን ናስቲሆ ሰዓት ይዛ ዘገያችሁ ብላ ተቆጣቻቸው።

ነሐሴ አጋማሽ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ብሎ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሙቀቱ ጭንቅላት የሚበሳ። ከተማው በርጫ ላይ ነው። ታህሚናና እኔ ከናስቲሆ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሐብሐብ እንበላ ነበር። የናስቲሆ ስልክ ጠራ። ወተት እየቀዳች ስለነበር ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ያዘችው። ሁለት ቃል ብቻ ሰማች። ጆጉን አስቀመጠች።

"ካልቱን ናት። ድንጋዮቹ ተነስተዋል።"

ተነሳች፤ በትሯን ወደ ላይ ዘርግታ በሦስቱም ቋንቋ ጮኸች። ወዲያው ከመስጊዱ የሼኽ ዐብዲቃድር ድምፅ መጣ፤ አልቸኮለም፣ አዛን እንደሚል ሰው ቃሉን ለይቶ ነው የተናገረው።

"ከደቻቱ ውጡ። እኔ ዐብዲቃድር ነኝ። የደወለችው የቢዮ አዋሌዋ ካልቱን ናት። ዳድ። ሎላ። ጎርፍ። ዕቃ ተዉ፣ ሰው ያዙ።"

ደጋግሞ ተናገረ። እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሮጦ የተጋጨ የለም። ሴቶቹ ቀለል ያለውን አንስተው፣ የቀረውን ትተው፣ አሮጊቶቹን በመሃል አድርገው በወንዙ ዳር ባለው ደረጃ ወጡ። አህዮቹ ተነዱ። ሊሻገሩ የነበሩ ሰዎች ተመለሱ። ከየበርጫው ወንዶች ወጥተው ዳር ዳሩን ቆመው እጅ እየሳቡ አወጡ። ቀድሞ ታህሚናን ሰላም የማይሏት ሰዎች፣ "ታህሚና፣ በዚህ በኩል የቀረ አለ?" እያሉ ይጠይቋት ነበር። በስሟ ሲጠሯት መጀመሪያ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው።

መሃል ላይ አንድ የአሸዋ መኪና ቀርቷል። ጫኞቹ ዘለው ወጥተዋል፤ ሹፌሩ ሙስአብ ግን ሞተር ያስነሳል፣ ጎማው ይሰምጣል፣ ደግሞ ያስነሳል። ታህሚና ወደ ታች ሮጠች። እኔም ተከተልኳት። በሩን ከፈተችና፣ "ውረድ" አለችው።

"የሰው መኪና ነው፣ ትቼ ልሄድ? ሰማዩን አታይም? ደመና የለም እኮ።"

"ደመናው ቢዮ አዋሌ ነው።"

"አምስት ደቂቃ ስጪኝ።"

ናስቲሆ ከኋላችን ደርሳ ነበር። በትሯን በመኪናው ኮፈን ላይ አሳረፈች። "ዋርያ፣ አንተ ሰው፣ መኪና ይገዛል። አንተን እናትህ ደግማ አትወልድህም። ውረድ።"

ወረደ። እኔ፣ ታህሚና፣ ናስቲሆና ሙስአብ ከአሸዋው የወጣን የመጨረሻዎቹ ሰዎች ነበርን።

ቀጥሎ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። ሺህ ሰው ያህል ዳርና ዳር ቆሞ ባዶ አሸዋ ያያል። ፀሐይ ትነዳለች። አንድ ሰው፣ "ዛሬም እንደ ሚያዝያው ነው" ሲል ሰማሁ። ታህሚና ሰዓቷን ይዛ ነበር፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ሼኽ ዐብዲቃድር ከመስጊዱ ወጥቶ አጠገቧ መጣና ቆመ።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ የእርጥብ አፈር ሽታ። ከዚያ ድምፁ። ከዚያ በመታጠፊያው በኩል ቡናማ ግድግዳ ብቅ አለ፤ ዛፍ ከነሥሩ፣ በርሜል፣ የቤት ቆርቆሮ ይዞ። ደቻቱን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። መኪናውን እንደ ጫማ አገላብጦ ወሰደው። ሙስአብ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ካልቱን ከደወለች ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ሆኖት ነበር።

ናስቲሆ ግን ውሃውን አላየችም። ጀርባዋን ሰጥታው ስም እየጠራች ነበር። "ኦብሲዬ።" "አለሁ።" "ሱሀይራ።" "አለሁ፣ ኤዶ፣ አክስቴ።" እያለች ሁሉንም ጠራች። ስልሳ ሁለት ሰው መለሰ። አንድ ቀረ፤ ኑርቶ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡሯ። ደግማ ጠራቻት። መልስ የለም። ውሃው ያገሳል። ናስቲሆ በሴቶቹ መሃል እየገባች ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች።

እናቴ ከቤት ሮጣ መጥታ ኖሮ፣ ዓይኗን በእጇ ከልላ ማዶ ታይ ነበር። "ያቺ ብርቱካን ሻሽ የማን ናት?" አለች።

ሁላችንም ዞርን። ከውሃው ማዶ፣ በመጋላ በኩል፣ አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ቆማ ብርቱካናማ ሻሿን ታወዛውዛለች። ሌላኛው ደረጃ ቀርቧት በዚያ ወጥታ ነው። ናስቲሆ፣ "ኑርቶ" ብላ ጮኸች፤ ልትሰማት እንደማትችል እያወቀች። ከዚያ በትሯን ጥላ ታህሚናን አቀፈቻት፤ ከመሬት አነሳቻት ማለት ይሻላል። እልልታው ከእኛ በኩል ተነሳ፣ ከማዶ ተመለሰ። ሼኽ ዐብዲቃድር ወደ መስጊዱ ገብቶ ማይኩን ከፈተና፣ "አልሀምዱሊላህ። ማንም አልጎደለም" አለ። የዚያን ቀን ያለቀሰ ሰው ሁሉ ያለቀሰው ያኔ ነው።

ታህሚና መጀመሪያ የደወለችው ለካልቱን ነበር። እኔ አስተረጎምኩ። ካልቱን፣ "ሁሉም ወጡ?" ብላ ጠየቀች፤ "ሁሉም" ስንላት፣ "በሉ ስልኬ ባትሪ የለውም" ብላ ዘጋች።

በሳምንቱ የአዲስ አበባው አለቃ ደወለ። አመሰገናት፣ ሥራው እንደማይዘጋ ነገራት፣ አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ከፍ ያለ ቦታ እንዳዘጋጀላትም ጨመረ። ታህሚና ግቢያችን ውስጥ እየተመላለሰች ነበር የምታወራው። "አመሰግናለሁ፤ ቦታው ለሌላ ሰው ይሁን" አለችው። "እኔ እዚህ ሁለት ዓመት ጨምሩልኝ። ማይካቸውን ያልጠየቅኳቸው አምስት መስጊድና ሁለት ቤተ ክርስቲያን ይቀሩኛል።" ስልኩን ስትዘጋ እናቴ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ለራት ምን ትበላ እንደሆነ ጠይቂያት አለችኝ።

ጥቅምት ላይ ከተማው ትልቅ ስብሰባ ጠራ። ከየወረዳው፣ ከጎረቤት ከተማ ከሁርሶም ጭምር፣ የጎርፍ ሥጋት ያለባቸው ሰዎች ሊማሩ መጡ። ታህሚና ተናጋሪ ተብላ ስሟ ተጽፎ ነበር፤ ስሟን አሰርዛ የናስቲሆንና የካልቱንን አስጻፈች። ካልቱን እንዲህ ያለ አዳራሽ ገብታ አታውቅም። ጫማዋን በር ላይ ልታወልቅ ስትል ነው የያዝኳት።

መጀመሪያ አንድ ከረቫት ያሰረ ሰው ግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየ፣ ዘመናዊው መሣሪያ በነሐሴ የሰውን ሕይወት እንዴት እንዳዳነ አብራራ። ካልቱን ስተረጉምላት እጇን አወጣች።

"ያ መሣሪያ የዚያን ቀን ምን አለ?" ብላ ጠየቀች።

ሰውየው ወረቀቱን አገላበጠ። ታህሚና ከተቀመጠችበት፣ "ውሃው ቀዩ መስመር ላይ ሲደርስ መልእክት ልኳል። ካልቱን ከደወለች ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ" አለች።

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተነሳ፤ ከዚያ ጭብጨባ። ካልቱን አልሳቀችም። ተነስታ ስለ ድንጋዮቹ ድምፅ፣ ስለ ውሃው ቀለም፣ ነፋሱ ከየት ሲነፍስ ምን እንደሚመጣ ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገረች። የሁርሶዎቹ ይጽፉ ነበር። ከረቫቱን ያሰረውም ሰው ወንበር ስቦ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። እኔ ቃል እንዳይጎድልብኝ እየተጠነቀቅኩ ስተረጉም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ ተናግሬ አላውቅም።

ስትጨርስ የስብሰባው መሪ አመስግኖ፣ ከምሳ በኋላ ጥያቄና መልስ ስለሚኖር እንድትቆይ ለመናት።

"አልችልም" አለች ካልቱን፣ ነጠላዋን እያጣፋች። "ስመጣ ተራራው ላይ ደመና አይቻለሁ። ቦታዬ መሆን አለብኝ።"

በመሃል መተላለፊያው ወደ በሩ ስትሄድ መጀመሪያ ናስቲሆ ተነሳች፣ ቀጥላ ታህሚና፣ ከዚያ ረድፍ በረድፍ አዳራሹ በሙሉ ቆመላት።